«ጋዙ አለቀ» ወይስ «ጋዙ አፈተለከ»? ስለ ተሽከርካሪ አየር ማቀዝቀዣ ብልሽት አሰያየም

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ መንገደኛ ጥያ ሲደርስ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን ትክል ድንጋዮች ያያል። በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ሰይፎችና ሌሎች ምልክቶች ለዓይን ጉልህ ናቸው፤ ፍቺያቸው ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ምልክትን ማየትና የምልክትን ምክንያት ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ይኸው ልዩነት መንገደኛው በመጣበት ተሽከርካሪም ላይ ይታያል። ማቀዝቀዣው ወይም በተለምዶ አጠራር ኤሲው ሞቃት አየር ሲነፋ፣ ምክንያቱ ሳይመረመር «ጋዙ አልቋል» ይባላል።

«አለቀ» የሚለው ግሥ በአገልግሎት ላይ ውሎ ለሚጠፋ ነገር የሚነገር ነው። ነዳጅ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ከሰልም እንዲሁ። የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን አይቃጠልም። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ በኮንደንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲቀንስ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ይተንና የጋቢናውን ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ዑደቱ ዝግ ስለሆነ ጋዙ ከጎደለ የወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው። «አለቀ» የተባለ ባለንብረት «ይሞላልኝ» ይላል፤ «አፈተለከ» የተባለ ግን «በየት በኩል?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ለዚያው ቀዳዳ ደጋግሞ ይከፍላል።

ከዚህም በላይ ብልሽት ሁሉ የጋዝ አይደለም። ነፋሱ ራሱ ከደከመ ወይም ከጠፋ የሚመረመሩት ፊውዙ፣ የማራገቢያው ሞተርና የአየር ማጣሪያው ናቸው። ነፋሱ በርትቶ ሞቃት ከሆነ፣ የኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን መያዙና ቀበቶው (ቺንጋው) መጥበቁ ይታያል። ተሽከርካሪው ሲጓዝ እያቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፣ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ ይጠረጠራል። የግፊት መለኪያ ሲገጠም በሁለቱም ወገን ዝቅተኛ ንባብ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ ጎድሏል፤ ሁለቱም ከፍ ካሉ ኮንደንሰሩ በአቧራ ተደፍኖ ወይም ጋዙ ከልክ በላይ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ዝቅተኛ መሆን የሚገባው ከፍ ብሎ ከፍተኛ መሆን የሚገባው ዝቅ ካለ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ በመጋጠሚያ ላይ የሚታይ የዘይት እድፍ ያፈተለከበትን ቦታ ይጠቁማል። ከተሽከርካሪው ሥር የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ ግን ከአየር እርጥበት የሚመጣ ነውና ብልሽት አይባልም።

ስለዚህ ሦስት ግሦች ተለይተው እንዲያገለግሉ እናሳስባለን። «ጎደለ» መለኪያው የሚያሳየውን፣ «አፈተለከ» የመጉደሉን ምክንያት፣ «ተደፈነ» የመተላለፊያን መዘጋት ያመልክቱ። «አለቀ» ለነዳጅ ይቅር። ኮምፕሬሰርንና ኮንደንሰርን የመሳሰሉት ስሞች ከውጭ ቋንቋ የመጡ ቢሆኑም መካኒኩና ባለንብረቱ ስለሚግባቡባቸው ለመለወጥ አንቸኩልም። የዕቃ ስም ባዕድ ቢሆን ማንንም አያሳስትም፤ የብልሽት ስም ሲሳሳት ግን ጥገናውም ይሳሳታል።

ጉዳዩ ከባለንብረቱ ኪስም ያልፋል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው አር-12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ከአገልግሎት እንዲወጣ አድርጎታል። የተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም፣ በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ከ1,400 ኪሎ የማያንስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ምድርን ያሞቃል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የኪጋሊ ማሻሻያ አጠቃቀሙ እንዲቀነስ የተወሰነውም ስለዚህ ነው። «አለቀ» የተባለው ጋዝ እንግዲህ አልጠፋም፤ ከእኛው አየር ውስጥ ይገኛል።