ቋንጣው ከፍሪጅ ውጭ አደረ፤ ይበላል?

ከቤት የተላከላችሁ ቋንጣ ፌስታል ውስጥ ተረስቶ አደረ እንበል። ሲሰብሩት ቀጭ የሚል ከሆነ አትጨነቁ፤ ቋንጣ ድሮም ፍሪጅ አያውቅም። ጨውና በርበሬ ተነስንሶበት ገመድ ላይ የሚሰቀለው እርጥበቱ እንዲያልቅ ነው፤ ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይራባም።

ችግሩ ወፈር ተደርጎ የተዘለዘለው ላይ ነው። ላዩ ደርቆ መሃሉ ሲጫኑት ለስለስ ካለ ገና ጥሬ ሥጋ ነውና፣ ማደር ያለበት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ፌስታል ደግሞ (የኛ ነገር፣ ሁሉም በፌስታል!) እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል።

«በደንብ ብጠብሰውስ?» ትሉ ይሆናል። እሳት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ግን በመጥበስ አይጠፋም። ይሄኛውን ጨውም ብዙ አይበግረውም። ሥጋው ሳይሸት ሊያስመልሳችሁ ይችላል። የሻገተውንም ጠርጋችሁ ፍርፍር እንዳትሠሩበት፤ ጣሉት።