ስምንት ካሴት ብቻ ቢፈቀድላችሁ

እስቲ ዛሬ ከባለቤታችሁ ጋር አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ብቻችሁን ቀርታችኋል እንበል። ስልክ የለም፣ ኔትወርክ የለም። አንድ ማጫወቻና የማያልቅ ባትሪ ግን አለ። ይዛችሁ እንድትሄዱ የተፈቀደላችሁ ስምንት ካሴት ብቻ ነው፤ ሲዲ ወይም አልበም ብትሉትም ያው ነው። የትኞቹን ትመርጣላችሁ?

ጨዋታው የእኔ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዙ ቢቢሲ ሬዲዮ እንግዶቹን እየጋበዘ ይህንኑ መጠየቅ የጀመረው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጀማሪውም ሮይ ፕሎምሊ የተባለ የሬዲዮ አዘጋጅ ነበር። እንግዳው ስምንት ሙዚቃ፣ አንድ መጽሐፍና አንድ የቅንጦት ዕቃ ይመርጣል። መጽሐፍ ቅዱስና የሼክስፒር ሥራዎች ሳይቆጠሩበት ይሰጡታል። እኔ ነጠላ መዝሙሩን ትቼ ሙሉ ካሴት ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ካሴት ፊትና ጀርባ አለው። ባለ ስድሳ ደቂቃ ከሆነ ሠላሳ በዚህ፣ ሠላሳ በዚያ፤ አንዱ መዝሙር ሲያልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ገና ሳይጀምር በአፋችሁ ላይ ነው። ክሩ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ እያሽከረከርን ያዳንነው ሁላችን ይህን እናውቃለን። ዛሬ መዝሙር አንድ በአንድ በዩቲዩብ ይለቀቃል፤ ልጆቻችን ግማሹን ሰምተው ወደሌላው ይዘላሉ።

ደሴት ሩቅ ነው አትበሉ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ሰዎች መብራት ሲጠፋና የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ ቤታችን ደሴት ይሆናል። ባል ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ሊሻማ ይወጣል። አንዱ በዓለም ገና፣ አንዱ በአስኮ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባና ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይመለሳል። ሚስትም እንደዚያው። እንዲህ ላሉ ባልና ሚስት «የትኛውን መዝሙር ትወጃለሽ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከተጠያየቁ ስንት ጊዜ ሆኗቸው!

ከእኛ ሰዎች መካከል በእውነት ደሴት ላይ የተጣሉ ነበሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች ብዙ የመኳንንት ቤተሰቦችን አዚናራ ወደተባለው የጣልያን ደሴት አጋዙ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በዚያው ዓመት ከቤተሰባቸው ጋር ሲጋዙ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ በኋላም ካይሮ ሄደው ተምረዋል። ከዚያ መንነው በግሸን ማርያም አሥር ዓመት ቆዩ። የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው የወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ሲሆን ገቢውም ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ ነበር። በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ነው። የእኛ ቤተ እምነት አባል አልነበሩም፤ ቢሆንም ከስምንቱ አንዱን ቦታ ለእርሳቸው ሰጥቻለሁ። ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። በደሴት ላይ መናገር የሚያቅትበት ቀን አይጠፋም።

ሁለተኛው ያለ ጥርጥር የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ነው። በደርግ ዘመን ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት ታስረዋል። ካሴት በማይገባበት፣ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ከመዝሙሮቻቸው አንዳንዶቹን የደረሱት በዚያ ነው። ሊላ ባሊስኪ የተባሉ ሴት ስለ እነዚህ መዝሙሮች በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ያን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ ነበር፤ መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ ደርግ እስኪወድቅ አልተከፈተችም። ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲዘምሩ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ይዞር ነበር። የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ከመዝሙሩ ሹክሹክታው ይበልጣል፤ ሆኖም ቃሉ ይሰማል። መለኪያዬን ያገኘሁት ከዚህ ነው፦ ኪቦርዱና ከበሮው ቢወጣ ምን ይተርፋል? በዚህ መለኪያ የደረጀ ከበደና የታምራት ኃይሌ ካሴቶችም ይገባሉ፤ ከቁጥሮቻቸው የቱን እንደምመርጥ ግን ባለቤቴና እኔ እስካሁን አልተስማማንም። ዘንድሮ በሰማኋቸው አንዳንድ አልበሞች ኪቦርዱን ባወጣው የሚተርፈው «ሃሌ ሉያ» ብቻ ነው፤ ስማቸውን ባልጠራ ይሻላል።

ጨዋታውን ለባለትዳሮች ኅብረታችን ሳቀርብ ባልና ሚስት ለየብቻ በወረቀት እንዲጽፉ አደረግሁ። ወጣት ሚስቶች ሊሊን (ቃልኪዳን ጥላሁንን) እና ሐና ተክሌን በብዛት ጻፉ። ባሎች ደግሞ የድሮውን። አንድ የሱሉልታ ሰው ስምንቱንም ከ1983 ዓ.ም. በፊት ከወጡት መረጠና ሚስቱ «እኔ የት አለሁ?» አለችው፤ እርሷ ያኔ ገና አልተወለደችም። ሁሉም ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ አንዱን ሰርዞ እርሷ ወጥ ስትሠራ የምታንጎራጉረውን ጻፈ። ርእሱን አያውቀውም ነበር፤ በዜማው እያንጎራጎረ ጠየቃት። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረው ያንን ርእስ የነገረችው የዚያን ቀን ነው።

የቡራዩዋ እህት ወረቀት ደግሞ ከሁሉ አጭር ነበር፤ ስድስት ብቻ ጽፋ ሁለቱን ባዶ ተወች። እናቷ የሚዘምሩት በኦሮምኛ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ብርቅ አይደለም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ጠዋት በኦሮምኛ፣ ከሰዓት በአማርኛ የሚዘምሩ ጉባኤዎች አሉን። የኦሮምኛ መዝሙርም የትናንት ነገር አይደለም። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ የመዝሙር መጽሐፍም አዘጋጅተዋል። የዚህች እህት እናት ግን መጽሐፍ አያነቡም። እንጀራ እየጋገሩ ከራሳቸው እያወጡ ይዘምራሉ፤ የዛሬው ከትናንቱ ይለያል። «የምፈልገው ካሴት ገና አልተቀረጸም» አለች። ልጆቿ አያታቸው ሲዘምሩ ይሰማሉ፤ ከቃሉ ግን እኩሌታው አይገባቸውም።

ለእርሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገር። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መቅጃ አለ። እናታችሁን፣ አባታችሁን፣ አማቶቻችሁን «እስቲ ይዘምሩልኝ» ብላችሁ ፊት ለፊት አታስቀምጧቸው፤ ያፍራሉ፣ ድምፃቸውም ይቀየራል። ፈቃዳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁና ስልኩን ከምጣዱ ወይም ከሚፈትሉበት ቦታ ራቅ አድርጋችሁ በጨርቅ ላይ አኑሩት። የምጣዱ ድምፅ ይግባ፣ የዶሮውም ይግባ። ቃሉን አብራችሁ ተቀምጣችሁ ጻፉ፤ ያልገባችሁን ቃል ያኔውኑ ጠይቁ። ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱን ለወንድም ወይም ለእህት ስጡ። ስልክ ይሰረቃል፣ ሚሞሪ ይበላሻል።

እህታችን ቅዳሜ ጠዋት ልትሞክር ቀጠሮ ይዛለች። መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ስለሆነ ስልኳን ዓርብ ማታ ቻርጅ ታደርጋለች።