የነጋዴው አዳራሽ ለሕዝብ ሲተርፍ

ቤት የሚሠራ ሰው የሚያስበው ለራሱ ዘመን ነው፤ ብረትና ድንጋይ ግን ከሠሪያቸው ዕድሜ ያልፋሉና፥ የቤቱን ፍጻሜ የሚወስነው የሠራው ሳይሆን የወረሰው ነው። ለዚህም በቤልጅግ ዋና ከተማ በብሩክሴል፥ መርከቦች ከሚመላለሱበት ቦይ አጠገብ የቆመው የሲትሮኤን የመኪና መሸጫ ሕንጻ ምስክር ነው።

ሕንጻው የተሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1933 እስከ 1934 ዓ.ም. ነው። ንድፉን ያወጡት አሌክሲ ዱሞንና ማርሴል ቫን ጉተም፥ የኩባንያው መሐንዲስ ከነበረው ከሞሪስ ራቫዜ ጋራ ሆነው ነው። መኪናዎች ለገዢ የሚታዩበት አዳራሽ 21 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ግድግዳውም በብረት የተያዘ መስታወት ስለ ሆነ፥ በአደባባዩ የሚያልፍ ሁሉ በውስጡ ያለውን ያይ ነበር። ከበስተኋላው ጣሪያው መስታወት የሆነ ሰፊ ጋራዥ ተያይዟል፤ መኪናም እየተነዳ ወደ ላይኛው ደርብ የሚወጣበት መንገድ ተበጅቶለታል።

የኩባንያው መሥራች አንድሬ ሲትሮኤን ስሙ ከፍ ብሎ እንዲታይለት የሚወድ ሰው ነበረ። ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በፓሪስ በኤፌል ግንብ ላይ ስሙን በኤሌክትሪክ መብራት አስጽፎ ነበር። ነገር ግን አዳራሹ በተፈጸመበት በዚያው በ1934 መጨረሻ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ተስኖት ከሰረ፤ ከአበዳሪዎቹ ዋነኛው የጎማ ሠሪው የሚሽሊን ኩባንያ ተረከበው። አንድሬ ሲትሮኤንም በ1935 ዐረፈ። ስሙ ከግንቡ ላይ ጠፋ፤ የብሩክሴሉ አዳራሽ ግን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን መኪና ሲሸጥበትና ሲታደስበት ኖረ። ስፍራ ለማብዛትም በረጅሙ አዳራሽ ውስጥ ደርብ ስለ ተጨመረበት፥ የቀድሞ ግርማው ተሸፈነ።

በ2015 የብሩክሴል ክፍለ ሀገር መንግሥት ሕንጻውን ገዛ። ምክንያቱም የከተማው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም በ2011 ተዘግቶ ስለ ነበረ ነው። በ2017 ከፓሪሱ የፖምፒዱ ማዕከል ጋራ ውል ተደረገ፤ በ2018 በግንቦት ወርም ጋራዡ ገና ሳይታደስ፥ የሠራተኞቹ ምልክት እንዳለበት፥ ለ13 ወር ያህል ለተመልካች ተከፈተ። ከዚያም ከብሩክሴል፥ ከዙሪክና ከሎንዶን የተመረጡ መሐንዲሶች ባወጡት ንድፍ ወደ እድሳት ተገባ።

የእድሳቱ ወጪ በከተማው ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ የሕዝብን ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት ስለ ገንዘቡ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የፈረሰ ቤት ለሁለተኛ አሳብ ስፍራ አይተውም። ይህ አዳራሽ ቤተ መንግሥት አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልነበረም፤ የነጋዴ ሱቅ ነበረ። ቢሆንም ብርሃኑና ስፋቱ ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለሰውም እንደሚበቃ የተገነዘቡ ሹሞች አተረፉት። ስለዚህ ከተማ የሚያስተዳድር ሹም የማፍረሻውን ትእዛዝ ከመፈረሙ በፊት፥ ሕንጻው ምን እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን ለምን ሊበጅ እንደሚችል መመርመር ይገባዋል።