ጭማሪ ወይስ ምትክ? የቤት ኮምፒውተር ጸረ-ቫይረስ ምርጫ

ለቤት ኮምፒውተር ጸረ-ቫይረስ መግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ «ከዊንዶውስ ጋር በመጣው ዲፌንደር ላይ ምን ልጨምር?» የሚል ነው። ጥያቄው ከመነሻው የተዛባ ነው። ሌላ ጸረ-ቫይረስ ተጭኖ በስርዓተ ክወናው ሲመዘገብ ዲፌንደር የዘወትር ጥበቃውን ለአዲሱ ፕሮግራም ለቅቆ ገለል ይላል፤ ሁለት ጠባቂዎች አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ልመርምር ቢሉ እርስ በርስ ይጋጫሉና። የሚገዛው እንግዲህ ጭማሪ ሳይሆን ምትክ ነው።

ምትኩ ይሻላል የሚለው እምነት የቆየ መሠረት አለው። ማይክሮሶፍት የተሟላ ጸረ-ቫይረስ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ማካተት የጀመረው በ2012 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው ዊንዶውስ 8 ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች ፍተሻ ከኋለኞቹ ተርታ ይሰለፍ ነበር። ዛሬ በጀርመኑ ኤቪ-ቴስት ፍተሻዎች ከፍተኛ ነጥብ ከሚያገኙት አንዱ ነው።

የመለየት አቅም ልዩነቱ ሲጠብ የአመኔታ ጥያቄ ጎልቶ ይወጣል። ጸረ-ቫይረስ ማንኛውንም ፋይል የማንበብ፣ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣን አለው። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ አሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ይሸጥ እንደነበር ከተጋለጠ በኋላ ጃምፕሾት በ2020 ተዘግቷል፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ2024 በአቫስት ላይ የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ጥሏል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የሩሲያውን ካስፐርስኪ ሽያጭና ዝማኔ በአገሩ ውስጥ አግዷል። ዲፌንደርም ቢሆን እንከን አልባ አይደለም፤ በግንቦት 2017 የጉግል ተመራማሪዎች በመመርመሪያ ሞተሩ ላይ ያገኙት ቀዳዳ፣ ተንኮለኛ ፋይል ገና ሲመረመር የአጥቂው ኮድ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነበር። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ደፈነው። ያም ሆኖ የስርዓተ ክወናው ባለቤት ቀድሞውኑ የታመነ ስለሆነ፣ ዲፌንደርን መጠቀም አዲስ ባለሥልጣን አይጨምርም።

ክርክሩ የሚላላው ኢንተርኔት በሌለበት ነው። ዲፌንደር አዳዲስ ቫይረሶችን ለመለየት የማይክሮሶፍትን ሰርቨሮች ያማክራል፤ መስመሩ ሲቋረጥ አቅሙ ይቀንሳል። ቫይረስ በአብዛኛው በፍላሽ ዲስክ በሚዛመትበት፣ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ አዶ የሚያስቀምጠው «ሾርትከት ቫይረስ» በየኮምፒውተር ቤቱ በሚታወቅበት በአገራችን ሁኔታ ይህ ቀላል ነጥብ አይደለም። መስመር በቋሚነት ለማያገኝ ተጠቃሚ፣ ያለ ኢንተርኔት ጥሩ ውጤት የሚያስመዘግብ ሌላ ፕሮግራም መምረጥ ምክንያታዊ ነው። ካልሆነም የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ፋይል ማይክሮሶፍት በነጻ ስለሚያቀርበው፣ መስመር ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል።

ያለ ፈቃድ ዊንዶውስን «አክቲቬት» የሚያደርጉ መሣሪያዎች ግን ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት ተጠቃሚው ጥበቃውን እንዲያጠፋ በማዘዝ ነው። በዚህ መንገድ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ፕሮግራሞች ማወዳደር በሩን ከፍቶ ቁልፍ እንደማማረጥ ነው።