በኤሌክትሪክ የሚሠራው የእጅ ፍሬንና የኋላ ሸራ አለዋወጥ

(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሞተሩ እንዲነሣለት የሚጨነቀውን ያህል መኪናው እንዲቆምለት አይጨነቅም። ነገር ግን መኪና አልነሣ ቢል ባለቤቱ ከሥራው ይዘገያል እንጂ የከፋ ጉዳት አይደርስበትም፤ አልቆም ቢል ግን የሰው ሕይወት ይጠፋል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ባለው መኪና ላይ የኋላው የፍሬን ሸራ እንዴት እንደሚለወጥ እንገልጻለን። ሥራውን የሚሠራው መካኒክ ቢሆንም፣ ባለቤቱ አሠራሩን ቢያውቅ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ይኸውም አስቀድሞ የሚጠይቀውን ያውቃል፤ በኋላም ሥራው በትክክል መፈጸሙን መርምሮ ይረከባል።

የእጅ ፍሬን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሾፌሩ ወንበር አጠገብ ያለውን፣ ወደ ላይ የሚሳበውን የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲሳብ የሽቦ ገመድ ይወጠራል፤ ገመዱም የኋላ ጎማዎቹን ፍሬን ያስጨብጣል። ይህ ዓይነት ዛሬም በብዙ መኪናዎች ላይ ይገኛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በዘንጉ ፈንታ በጣት የሚነካ አንዲት አዝራር ያላቸው መኪናዎች እየበዙ ሄደዋል። በዚያ ዓመት የወጣው የቢ ኤም ደብልዩ ትልቁ መኪና ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በ2005 የወጣው ቮልስዋገን ፓሳትም ይህንኑ ይዞ መጣ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች በመንገዳችን ላይ በዝተዋል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የእጅ ፍሬናቸው በአዝራር የሚሠራ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

አዝራሩ አንድ ቢመስልም ከበስተ ኋላው ያለው መሣሪያ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንዱ መኪና ሞተሩ የሚስበው ያንኑ የጥንቱን የሽቦ ገመድ ነው። በሌላው ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ለብቻው በታምቡር ውስጥ የተሠራ ነው። ሦስተኛውና ዛሬ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ሞተሩ በራሱ በካሊፐሩ፣ ማለት ዲስኩን እንደ መንጋጋ ግራና ቀኝ በሚይዘው የብረት ክፍል ጀርባ ላይ የተገጠመበት ነው። የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

ከላይ የጠቀስነውን የ2005ቱን ፓሳት ምሳሌ አድርገን እንመልከት። በእያንዳንዱ የኋላ ካሊፐር ላይ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። የሞተሩ ፍጥነት መጀመሪያ በጥርሳም ቺንጋ 3 እጥፍ፣ ቀጥሎም በሌላ ጥርስ 50 እጥፍ ይቀነሳል። እንግዲህ ሞተሩ 150 ጊዜ ሲዞር በመጨረሻው ላይ ያለው ጥምዝ ዘንግ የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም በቀነሰ መጠን ጉልበቱ ይበረታል። ዘንጉ ሲዞር በላዩ ያለው ዳዶ ወደ ፊት እየሄደ ፒስቶኑን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ፒስቶኑም ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። ጥምዙ ደቃቅ በመሆኑ ዳዶው በግፊት ብቻ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ ወይም ባትሪው ቢሞት እንኳ መኪናው በቆመበት ይቆያል። ከእንጦጦ ግርጌ አንሥቶ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ መኪና ለሚያቆም ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው።

ነገር ግን ባለቤቱን የሚጠብቀው ይኸው ባሕርይ ያልተማረውን መካኒክ ያሳስተዋል። ሸራው እያለቀ በሄደ ቁጥር ፒስቶኑ ወደ ውጭ ይወጣል። አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለ ሆነ እንዲገባ ፒስቶኑ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በጥንቱ ልማድ መካኒኩ ፒስቶኑን በሞርሳ ይገፋዋል፤ ወይም የእጅ ፍሬን ገመድ ባለበት ካሊፐር ላይ እንደሚደረገው እያዞረ ያስገባዋል። በዚህኛው ካሊፐር ግን ከፒስቶኑ በስተጀርባ ዳዶው ተገትሮ ስለሚጠብቅ ሁለቱም መንገድ አይሠራም። በጉልበት ቢገፋ ጥምዙ ይጎዳል፤ ጥርሱ ይሰበራል፤ ሸራ ለመለወጥ የመጣው ሰው ሙሉ ካሊፐር ለመግዛት ይገደዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በእርሱ ላይ ይፈጸማል። እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ፒስቶኑ ከመገፋቱ በፊት ዳዶው በሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ይህንንም ማዘዝ የሚችለው የመኪናው ኮምፒውተር ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መኪናው በሜዳ ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅ ለፊት ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረጋል። ባትሪው በሚገባ የተሞላ መሆን አለበት፤ ትእዛዙ በመካከል ቢቋረጥ ዳዶው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራልና። ከዚህ በኋላ ስካነር የሚባለው የመመርመሪያ መሣሪያ ከመኪናው ጋር ተገናኝቶ ለሸራ መለወጫ እንዲከፈት ይታዘዛል። በፓሳቱ ላይ በ53 ቁጥር ወደ እጅ ፍሬኑ ኮምፒውተር ይገባል፤ 007 ይከፍታል፤ 006 ይዘጋል። እንደ ፎርድና እንደ ማዝዳ ያሉ ፋብሪካዎች በአንዳንድ መኪናዎቻቸው ላይ ፔዳልንና አዝራርን በተወሰነ ቅደም ተከተል በመጫን ያለ ስካነር የሚከፈትበትን መንገድ ሠርተዋል። የሞተሩን ሽቦ ነቅሎ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ግን የሚመከር አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ዳዶው የት እንዳለ አያውቅም፤ ሞተሩንም በጊዜው የሚያስቆመው የለም።

መኪናው ከተከፈተ በኋላ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ማንም ሰው አዝራሩን መንካት አይገባውም። ሞተሩ መኪናን በዳገት ላይ ለማቆም የተሠራ ነውና በመካከሉ የተገኘ ጣት አይተርፍም። በዚህም ምክንያት ቁልፉን ከመኪናው አርቆ ማስቀመጥ ጥንቃቄ ነው።

ቀጥሎ መኪናው በክሪክ ይነሣና በብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መሥራት ሞትን መጥራት ነው። ጎማው ይወልቃል፤ የካሊፐሩ ብሎኖች ይፈታሉ፤ ካሊፐሩም በሽቦ ይንጠለጠላል እንጂ በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ አይንዘላዘልም። አሮጌው ሸራ ወጥቶ የሸራው መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለ ሆነ በአየር አይነፋም። የዲስኩም ውፍረት ይለካል፤ ዝቅተኛው ልክ በራሱ በዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ክዳን ተከፍቶ ፒስቶኑ በቀስታ ይገፋል፤ ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የመኪናን ቀለም ይበላልና። ዳዶው በትክክል ከተመለሰ ፒስቶኑ ያለ ብዙ ጉልበት ይገባል። እምቢ ካለ ትእዛዙን መመርመር እንጂ ጉልበት መጨመር አይገባም።

አዲሱ ሸራ የሚገባው ለግራም ለቀኝም በአንድነት ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ቢለወጥ የኋላ ጎማዎቹ እኩል አይዙም። ግራሶም ሆነ ዘይት ሸራውን መንካት የለበትም። ካሊፐሩና ጎማው ከተመለሱ በኋላ ብሎኖቹ ፋብሪካው በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ፤ ለፓሳቱ የጎማ ብሎን ልኩ 120 ኒውተን ሜትር ነው።

የመጨረሻውን ክፍል ብዙዎች የሚዘነጉት ስለ ሆነ አጥብቀን እንናገራለን። ፒስቶኑ ወደ ኋላ በመገፋቱ የእግር ፍሬኑ ፔዳል መጀመሪያ ሲረገጥ ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። ስለዚህ መኪናው ንቅንቅ ሳይል ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መረገጥ አለበት። የእጅ ፍሬኑ እንዲዘጋ የሚታዘዘው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ የአዲሱን ሸራ ልክ ይማራል። ቀጥሎም አዝራሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተስቦና ተለቆ ይፈተሻል።

እንግዲህ ባለቤቱ መኪናውን ሲረከብ አራት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ አሮጌው ሸራ እንዲታየው ይጠይቅ፤ የፓሳቱ የኋላ ሸራ የሚለወጠው ከጀርባው ብረት ሌላ የቀረው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ሲደርስ ነው። ሁለተኛ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት እንደ በራ አለመቅረቱን ይመልከት። ሦስተኛ፣ አዝራሩን ሲስብ የግራውም የቀኙም ሞተር ድምፅ መሰማቱን ያዳምጥ። አራተኛ፣ በመጠነኛ ዳገት ላይ እግሩን ለፔዳሉ ዝግጁ አድርጎ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን መኪናውን መያዙን ይፈትን፤ በፊቱም በኋላውም ሰው አለመኖሩን አስቀድሞ ያረጋግጥ። መጀመሪያ በሚነዳባቸው ቀኖችም አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ድረስ ያለ አስገዳጅ ምክንያት በኃይል ከመያዝ ይቆጠብ።

በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ያለውም ሰው ነገሩ አይመለከተኝም አይበል። እነዚህ መኪናዎች ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት በአብዛኛው በራሱ በሚነዳቸው ሞተር ስለ ሆነ ሸራቸው ቶሎ አያልቅም፤ ነገር ግን ሥራ የፈታ ብረት ይዝጋልና ሸራው በመቀመጫው ላይ እንዳይጣበቅ በየጊዜው መታየት ይገባዋል።

አድማጮቻችን ሆይ፤ ያለ ስካነር ሸራ የሚለውጥ መካኒክ ሁሉ ሥራውን አያውቅም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት «የእጅ ፍሬኑን በምን ትከፍተዋለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የመካኒኩን ችሎታ ይነግራችኋል። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚያድነው ግን ካሊፐር ብቻ ሳይሆን በቁልቁለቱ በታች የሚያልፈውን መንገደኛ ጭምር ነው።