ሜዳው ሲታቀድ አምቡላንሱ በየት ይገባል?

ባለፈው እሁድ ቡና እየተፈላ ሳለ የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ የደብተር ወረቀት ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ለሰፈራቸው ቡድን የልምምድ ማዕከልና ስታዲየም አቅዷል። የሕዝቡ መቀመጫ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ የክብር ትሪቡኑ ሳይቀር አለበት። «አያቴ፣ እንደ ማንቸስተር ሲቲ ነው!» አለኝ። እኔም ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ አመሌ አልለቀቀኝምና «አምቡላንሱ በየት በኩል ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሳቀብኝ። እኔ ግን ጥያቄውን ያመጣሁት ከደረሰብኝ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የታዳጊዎች ውድድር ላይ የመጀመሪያ እርዳታ እንድሰጥ ተጠርቼ ነበር። ሁለት ልጆች ኳስ በቴስታ ለመምታት ሲዘሉ ተጋጩና አንዱ ራሱን ስቶ ወደቀ። አንገቱ ተጎድቶ እንደሆነ ብዬ ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ደግፌ ተንበረከክሁ። አንዱ ክብሪት ሊያሸተው፣ ሌላው ውኃ ሊደፋበት ይሻማል። አምቡላንሱ ቶሎ ደርሶ ነበር፤ ግን ከበሩ ውጭ ቆመ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘው ዘበኛ ምሳ ሄዷል። እናቱ ከአጥሩ ማዶ ሆና ስሙን ትጠራለች። ቁልፉ እስኪገኝ ከሩብ ሰዓት በላይ ፈጀ። ልጁ ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያ ሜዳ ለክብር እንግዶች ድንኳን ተተክሎ ነበር፤ ለአምቡላንስ ያሰበ ግን አልነበረም።

የልጅ ልጄ የጠቀሰው የማንቸስተር ሲቲ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ነው። 80 ኤከር፣ ማለትም 32 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ከ16 በላይ ሜዳዎችና 7,000 ሰው የሚይዝ አነስተኛ ስታዲየም አለው፤ ከትልቁ ስታዲየም ጋርም በእግረኛ ድልድይ ይገናኛል። እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን ሌላው ነው። ከቦታው ላይ ቀድሞ የቀለም ኬሚካል ፋብሪካ ስለነበረ፣ ሣሩ ከመተከሉ በፊት የተበከለው አፈር መጽዳት ነበረበት። ልጅ የሚወድቅበትን መሬት አስቀድሞ ማሰብ ማለት ይህ ነው። ለአካባቢው ነዋሪም ለኮሌጅና ለመዋኛ የሚሆን ቦታ ተሰጥቷል።

ለዚያው ክለብ ሲጫወት የቆየው የ28 ዓመቱ ካሜሩናዊ ማርክ ቪቪያን ፎኤ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 ሊዮን ላይ ለአገሩ ሲጫወት ማንም ሳይነካው ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ልቡ ታሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ እንዲሁ ወደቀ። ወዲያው ደረቱን እየተጫኑ፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰውን መሣሪያ እዚያው ሜዳ ላይ ተጠቀሙለት። ተረፈ፤ ተመልሶም ተጫወተ። ልብ ሲቆም አንጎል በአራት በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። መሣሪያው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ከተቀመጠ እንደሌለ ቁጠሩት።

በር ደግሞ ለተመልካችም ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎቹ ያውንዴ በሚገኘው ኦሌምቤ ስታዲየም ከካሜሩን ጋር በተጫወቱ በ11ኛው ቀን፣ እዚያው መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ በአካባቢያችሁ ክለብ አዲስ ሜዳ ሲያቅድ፣ ወይም ልጃችሁን ለልምምድ ስታስመዘግቡ እነዚህን ጠይቁ፦

አምቡላንስ እስከ ሜዳው ጠርዝ ይገባል ወይ? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

የመውጫ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ ወይ?

ደረት መጫን የሰለጠነ ሰው በየልምምዱ ይኖራል ወይ?

ንጹሕ ውኃ፣ ጥላ፣ ለሴቶች ልጆች የተለየ መጸዳጃ ቤትና ልብስ መቀየሪያ አለ ወይ?

እነዚህ ነገሮች በዕቅዱ ጊዜ በወረቀት ላይ ሲጨመሩ ወጪያቸው ትንሽ ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስን ይጠይቃሉ። በልጅዎ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም ልጁ ሲሮጥ ራሱን የሚስት ከሆነ ደግሞ ከልምምዱ በፊት ሐኪም ይየው።

የልጅ ልጄ ላጲስ ፈልጎ ተመለሰና የክብር ትሪቡኑን ግማሽ አጠፋው። በቦታው ሰፊ በር ሣለ። «ቁልፉስ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ቁልፍ የለውም» አለኝ።