በመብረቅ የሚታገዝ ነበልባል

አሞኒያን ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ ሆኖ በከረጢት ሲመጣለት ነው። ዓለም በዓመት ወደ 180 ሚሊዮን ቶን ያመርታል፤ የሚበዛውም ማዳበሪያ ሆኖ መሬት ላይ ይበተናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የመርከብ ባለቤቶችና ኤሌክትሪክ አመንጪዎች ዓይናቸውን ጥለውበታል። ሞለኪውሉ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያወጣም። ከሃይድሮጅን ይልቅ ለአያያዝም ይመቻል፦ ሃይድሮጅን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ አሞኒያ ግን ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ይበቃዋል። እርግጥ ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ አሞኒያ ካርቦኑን ፋብሪካው ላይ አውጥቶ ጨርሷል። ያ ግን ሌላ ክርክር ነው።

በአሞኒያ መንዳት አዲስ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናፍጣ ሲጠፋ ቤልጂየም ውስጥ አውቶቡሶች በአሞኒያ ይንቀሳቀሱ ነበር። ኤክስ-15 የተባለው የአሜሪካ የሮኬት አውሮፕላንም እ.ኤ.አ. በ1967 በሰዓት ከ7,200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲከንፍ ታንኩ ውስጥ የነበረው ነዳጅ አሞኒያ ነው። ታዲያ ለምን ተተወ? አንደኛው ምክንያት ስንፍናው ነው፤ እንደ እርጥብ እንጨት ቆስቋሽ ይፈልጋል። የሚቴን ነበልባል በሰከንድ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ሲገሰግስ የአሞኒያው 7 ያህል ብቻ ነው። ጥቂት ነፋስ ሲበዛበት ይጠፋል።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ካርቦን ባይኖርበትም ናይትሮጅን አለበት። ናይትሮጅኑ በነበልባሉ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ናይትሪክ ኦክሳይድንና ወንድሞቹን፣ በጥቅሉ ኖክስ የሚባሉትን የሳንባ ጠላቶች፣ ይወልዳል። እሳቱ ሲደክም ደግሞ ሳይነድ የሚያመልጥ መርዛማ አሞኒያ አለ። እሳቱን ቢያጋግሉት አንዱ ይጨምራል፣ ቢያበርዱት ሌላው።

ፕላዝማ የገባው እዚህ መሐል ነው። ፕላዝማ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣለት አሜሪካዊው ኧርቪንግ ላንግምዩር ነው። መብረቅ ፕላዝማ ነው፣ በኒዮን መብራት ውስጥ የሚያበራውም እንዲሁ። ለአሞኒያ የሚፈለገው ዓይነት “ቀዝቃዛ” የሚባለው ነው። በሺህ የሚቆጠር ቮልት ለጥቂት ናኖሰከንድ፣ ማለትም ለጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል፣ ይለቀቅና ይቋረጣል፤ ይህ በሰከንድ ሺህ ጊዜያት ይደጋገማል። በዚያች ቅጽበት ኤሌክትሮኖቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳሉ፤ ጋዙ ግን ያን ያህል አይግልም፤ ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች ሙቀታቸውን ለከባዶቹ ሞለኪውሎች ለማካፈል ጊዜ አያገኙምና።

የጋሉት ኤሌክትሮኖች አሞኒያውን ሲመቱት ይሰበራል። ከስብርባሪው አንዱ ሃይድሮጅን አተም ነው፤ ነበልባሉን የሚያነቃቃው እሱ ነው። ሌላው አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ሃይድሮጅን የቀሩበት ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ ናይትሪክ ኦክሳይድን ሲያገኝ ሁለቱም ተጣምረው ተራ ናይትሮጅንና ውኃ ይሆናሉ። በካዩን የሚያጸዳው ራሱ ነዳጁ ነው ማለት ነው። ይህን ኢንዱስትሪው ቀድሞ ያውቀዋል፦ የነዳጅ ኩባንያው የኤክሰን ተመራማሪ ሪቻርድ ላየን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጭስ ውስጥ አሞኒያ በመርጨት ኖክስን የማጥፋት ዘዴ የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ዘዴው የሚሠራው ግን በ950 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባለች ጠባብ የሙቀት ክልል ነው፤ ከዚያ ሲወርድ አሞኒያው ያመልጣል፣ ሲወጣ ራሱ ኖክስ ይሆናል። የፕላዝማው ተስፋ ያንን ጠቃሚ ቁራጭ ሙቀቱን ሳይጠብቁ ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት የናኖሰከንድ ብልጭታዎች ነበልባሉን ነዳጁ በሳሳበት ድብልቅ ላይ እንኳ አቆይተውታል፤ ኖክሱም አብሮ ቀንሷል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መገኘታቸው ነው ቁም ነገሩ።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ ኖክስን የሚያጠፋ ብቻ ቢሆን መብረቅ በጣለ ቁጥር አየሩ ባልተበከለ ነበር። እንዲያውም ከመቶ ዓመት በፊት ኖርዌይ ውስጥ ክርስቲያን ቢርክላንድና ሳም አይደ ፕላዝማን የተጠቀሙት ናይትሪክ ኦክሳይድን ሆን ብለው ለማምረት ነበር። በኖቶደን ከተማ ከፏፏቴ ኃይል በተገኘ ኤሌክትሪክ አየርን በቅስት እሳት እያቃጠሉ ማዳበሪያ ሠሩ፤ ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1905 የተመሠረተው በዚሁ ነው። በኋላ ዘዴው የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ስለበዛ በሃበርና ቦሽ የአሞኒያ ዘዴ ተሸነፉ። ልዩነቱ የሙቀትና የጊዜ ነው፦ ብልጭታው ከረዘመና ከጋለ አየሩን ራሱን ያቃጥላል፣ ካጠረ ነዳጁን ይሰብራል። ችግሩ በሞተርና በተርባይን ውስጥ ባለው ከፍተኛ ግፊት ብልጭታው ወደ ቀጭንና የጋለ ክር መሰብሰብ መውደዱ ነው፤ ወደ ቢርክላንድ ቅስት ይጠጋል ማለት ነው። የኤሌክትሮዱ ጫፍም ይበላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኖክስ ሳይሆን ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። አንድ ኪሎ አሞኒያ የሚሰጠውን ጉልበት ከናፍጣ ብናገኝ ወደ 1.4 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ አሞኒያ 5 ግራም ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ ቢያመልጥ ትርፉ ተበልቶ ያልቃል። ይህ ጋዝ የሚተርፈው ደግሞ እሳቱ በደከመበት ቦታ ነው፤ ፕላዝማ ደካማውን እሳት እንዳይጠፋ ሲይዘው ናይትረስ ኦክሳይዱንም ሊያቆይ ይችላል። ኖክስን ብቻ ለክቶ “ቀነሰ” የሚል የሙከራ ውጤት ግማሽ ሒሳብ ነው።

ገበያው እስካሁን ፕላዝማን አልጠበቀም። የጃፓኑ ኤሌክትሪክ አመንጪ ጄራ እ.ኤ.አ. በ2024 በሄኪናን ጣቢያው ከድንጋይ ከሰል ጋር 20 በመቶ አሞኒያ ሲያቃጥል ኖክሱ እንዳልጨመረ አስታውቋል። የመርከብ ሞተሮችም አሞኒያውን በጥቂት ናፍጣ እየለኮሱ ጭሱን በካታሊስት ያጸዳሉ። ፕላዝማ መጀመሪያ ቦታ የሚያገኘው፣ በእኔ ግምት፣ ተርባይን ሲነሣና በዝቅተኛ ጭነት ሲሠራ ነው፤ ነበልባሉ በጣም የሚንገዳገደው፣ ካታሊስቱም ገና ሳይሞቅ የማይሠራው ያን ጊዜ ነውና።